ወንድምን በፍቅር ስለ ማቅናት

በደብራችን የ50ኛ ዓመት የኢዮቤልዩ በዓል ለተሰበሰቡ ካህናትና ምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ይህ የምናከብረው በዓል ስሙ ኢዮቤልዩ ይባላል። የኢዮቤልዩም ሥርዓት በኦሪት ዘሌዋውያን በ25ኛው ምዕራፍ ተጽፎ ይገኛል። ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ከተቈጠረ በኋላ በ50ኛው ዓመት ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር፤ ስለ ድኽነቱ ራሱን ለሎሌነት የሸጠ ሰው አርነት ወጥቶ ወደ ወገኑ፥ መሬቱን የሸጠውም ወደ ርስቱ ይመለስ ነበር። እንግዴህ የበዓሉ ዋና ነገር ድግሱና ዝማሬው ብቻ ሳይሆን የራቀው ሰው ወደ ቤቱ መመለሱ ነው። እኛም 50ኛ ዓመታችንን ስናከብር ዛሬ በዚህ ቅጥር ውስጥ የሌለው ማን እንደ ሆነ ዘወር ብለን ብናይ፥ ከበዓሉ ሥርዓት የወጣ ነገር አይመስለኝም።

የቀረው ሰው ሁሉ በአንድ ምክንያት አልቀረም። አንዱን ሞት ወሰደው፤ አንዱን ኑሮ ወደ ጎንደር ከተማ፥ ወደ አዲስ አበባ፥ ወደ ባሕር ማዶም ወሰደው። ነገር ግን ደወላችን ከሚሰማበት ቦታ ሳይርቅ፥ ሃይማኖቱንም ሳይክድ፥ ጾሙንም ሳይሽር የቀረ ሰው አለ። አንዲት ልጅ ነጠላዋን በሥርዓት አላጣፋሽም ተብላ በደጀ ሰላሙ በሕዝብ ፊት ትዘለፋለች፤ በማግሥቱ ሰንበት ከቤቷ አትወጣም። አንድ ገበሬ የጎረቤቱን ድንበር ገፋ ይባልና ነገሩ ሳይጣራ ስሙ በየተዝካሩ ይነሣል፤ እርሱም ከማኅበሩ ጽዋ ይቀራል። አንድ ወጣት ዲያቆን ጠላ አብዝቶ በመገኘቱ በማኅሌት መካከል ይሰደባል፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን አስቀምጦ ወደ ቀን ሥራ ይሄዳል። እነዚህ በአንድ ደብር ብቻ የሚታዩ አይደሉም፤ ከደባርቅ እስከ ጎንደር ባለው አገር ሁሉ በየአጥቢያው የሚታዩ ናቸው። ጥፋቱ ጥፋት አይደለም የሚል ሰው የለም። ሰዎቹን ከደብሩ ያራቃቸው ግን ጥፋታቸው ሳይሆን የተነገሩበት አኳኋን ነው። ስለዚህ ወንድሙ ሲሳሳት ያየ ክርስቲያን ምን ማድረግ እንደሚገባው በዚህ በዓል እናገር ዘንድ ስታዝዙኝ፥ ነገሩ ቀላል እንዳልሆነ እያወቅሁ በደስታ ተቀብያለሁ።

አስቀድሞ፥ ዝም ማለት እንደማይፈቀድልን ማወቅ ይገባል። በዚያው በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ ወንድምን በልብ መጥላት ተከልክሎ ወዲያው ባልንጀራን መገሠጽ ታዝዟል። ሁለቱ ትእዛዞች ጎን ለጎን የቆሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ባልንጀራው ሲጠፋ እያየ ዝም የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ታጋሽ ይባላል፤ ልቡ ቢመረመር ግን ከትዕግሥት ይልቅ ቂም፥ ወይም ፍርሃት፥ ወይም የእኔ ነገር አይደለም ማለት ይገኝበታል። በአገራችን ደግሞ ሦስተኛ መንገድ ተለምዷል፤ ይኸውም ለባለቤቱ ዝም ብሎ ለሌላው ሁሉ መናገር ነው። ሐሜተኛው ንግግሩን የሚጀምረው «አዘንሁለት» በማለት ነው። ጠላው ሁለተኛ ጊዜ ሲቀዳ ኀዘኑ ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ጊዜ ሣቅ ይሆናል። ባለ ጉዳዩም ነገሩን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ፥ ያውም ከጠላቱ አፍ ነው።

ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች በላከው መልእክት በ6ኛው ምዕራፍ፥ ሰው በበደል ቢያዝ መንፈሳውያን የሆኑት በየዋህነት ያቀኑት ዘንድ ያዝዛል፤ የሚያቀናውም ሰው ራሱ እንዳይፈተን እንዲጠነቀቅ ይነግረዋል። በዚህ ቦታ ማቅናት ተብሎ የተተረጐመው የጽርእ ቃል፥ በማቴዎስ ወንጌል በ4ኛው ምዕራፍ የዘብዴዎስ ልጆች መረባቸውን ሲያበጁ የተነገረው ቃል ነው። የጥንት የጽርእ ሐኪሞችም የወለቀ አጥንት ወደ ቦታው መመለስን በዚሁ ቃል ይጠሩት ነበር። መረብ የሚጠግን ሰው መረቡን አይረግመውም፤ ነገ ዓሣ ሊያጠምድበት ይፈልገዋልና። ስለ አጥንቱ ነገር ግን ከአገራችን ወጌሻ የሚሻል ምሳሌ አላገኝም።

ወጌሻ ክንዱ የወለቀ ሰው ሲመጣለት፥ ስለ ምን በዚያ ገደል ወጣህ ብሎ በቍጣ አይጀምርም። ያስቀምጠዋል፤ ቅቤ ቀብቶ ቀስ ብሎ ያሸዋል፤ ስለ ልጆቹና ስለ እርሻው እየጠየቀ ሐሳቡን ያዘናጋዋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ጣቶቹ ሥራቸውን ይሠራሉ፤ አጥንቱ ከየት እንደ ወጣ ይፈልጋሉ። ቦታውን ካገኘ በኋላ ግን አይራራም፤ በአንድ ጊዜ ይመልሰዋል። ሰውየውም ይጮኻል። ከዚያም ያስረዋል፤ ከሦስት ቀንና ከሳምንት በኋላም ተመልሶ ያየዋል። የወለቀውን ቦታ ሳያገኝ የሚጐትት ሰው ወጌሻ አይባልም፤ ደህናውን ይሰብራልና። አሽቶ አሽቶ ሕመምተኛው እንዳይጮኽበት ፈርቶ ሳይመልሰው የሚተወውም ወጌሻ አይባልም፤ ክንዱ እንደ ተጣመመ ይቀራልና። መልሶ ሳያስር የሚሄደውም እንዲሁ ነው። ሰዎች የዋህነት ሲባል ማሸቱን ብቻ ያስባሉ፤ ሌሎች ደግሞ ተግሣጽ ሲባል መጐተቱን ብቻ ያስባሉ። ሐዋርያው ግን ሥራውን ሁሉ በአንድ ቃል ጠራው።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ የሠራው ሥርዓት ለሁላችሁ የታወቀ ነው። አስቀድሞ ብቻ ለብቻ ሆኖ መንገር፤ ባይሰማ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሮ መንገር፤ እነርሱንም ባይሰማ ለቤተ ክርስቲያን መንገር። የደረጃውም ዋጋ ክርክር መርታት ሳይሆን ወንድምን ማትረፍ እንደ ሆነ በዚያው ተነግሯል። ይህ ሥርዓት በየአጥቢያው ይታወቃል፤ ይሁን እንጂ ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ተገልብጦ ነው። አስቀድሞ ሕዝቡ ሁሉ ይሰማል፤ ቀጥሎ ሁለት ሽማግሌ ይላካል፤ ብቻ ለብቻ መነጋገር የሚመጣው ሰዎቹ በፍርድ ቤት ደጅ ሲገናኙ ነው። የመጀመሪያው ደረጃ ስለ ምን እንደሚዘለል ብንጠይቅ፥ ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ስለ ሆነ ነው። ብቻውን ከወንድሙ ፊት የሚቀመጥ ሰው የሚያጨበጭብለት የለውም፤ መልሱንም መስማት ግድ ይሆንበታል። ምናልባትም ወንድሙ ነገሩን አላደረገው ይሆናል። ኢየሱስ ወልደ ሲራክ በ19ኛው ምዕራፍ ወዳጅን አስቀድሞ መጠየቅ እንደሚገባ የሚመክረው ስለዚህ ነው፤ አላደረገው እንደ ሆነ እውነቱ ይገለጣል፤ አድርጎት እንደ ሆነ ዳግመኛ እንዳያደርገው ይረዳዋል።

በዚህ ነገር የጎንደር ሊቃውንት የተዉልን ትልቅ ሀብት አለ፤ እርሱም የአንድምታ ትርጓሜ ነው። መምህሩ ንባቡን ካነበበ በኋላ አንድ ትርጓሜ ይሰጣል፤ ያን ሳይሽር «አንድም» ብሎ ሁለተኛ ይጨምራል፤ «አንድም» ብሎ ሦስተኛ ይጨምራል። በ18ኛው መቶ ዓመት የነበሩት መምህር ኤስድሮስ በትርጓሜው ከቀድሞ መምህራን በብዙ ቦታ ተለይተው ታች ቤት የሚባለው ወገን ከእርሳቸው ተጀመረ፤ የቀደመውም ላይ ቤት ተባለ። ተማሪውም በዚህ ቢማር ላይ ቤት፥ በዚያ ቢማር ታች ቤት ተባለ እንጂ አንዱ ሌላውን ከቤተ ክርስቲያን አላወጣውም። እንግዴህ ለአንዲት የመጽሐፍ ቃል አራትና አምስት አንድምታ የሚፈልግ ካህን፥ ለሕያው ሰው ሥራ አንድ ትርጓሜ ብቻ ሰጥቶ መቀመጥ ይገባዋልን? ሰውየው ሦስት ሰንበት ከቅዳሴ ቀረ። ሃይማኖቱ ቀዝቅዞ ነው፤ አንድም ልጁ ታሞበት ነው፤ አንድም የሚለብሰው ልብስ አልቆ አፍሮ ነው፤ አንድም ከአንዱ ተጣልቶ በአንድ ቅጥር መቆም ከብዶት ነው። አራቱ አራት ልዩ ልዩ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ የትኛው እንደ ሆነ ደግሞ ከቤቱ ደርሶ ሳይጠይቁ አይታወቅም።

የአነጋገሩንም ጥበብ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ነቢዩ ናታን ዳዊትን በገሠጸው ጊዜ፥ በ2ኛ ሳሙኤል በ12ኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው፥ አንድ ድኻ ስላሳደጋት አንዲት በግና ስለ ቀማው ባለጠጋ ነገረው። ንጉሡም በነገሩ ተቈጥቶ በባለጠጋው ላይ ፈረደ፤ ናታንም ያ ሰው ራሱ ዳዊት መሆኑን ገለጠለት። ቅኔ ቤት የዋላችሁ ይህ ምን እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። በጊቱ ሰሟ ናት፤ የኦርዮ ሚስት ወርቁ ናት። ናታን ሰሙን አቅልጦ ወርቁን እስኪያወጣ ድረስ ንጉሡ በራሱ ላይ ሳይሆን በሌላው ላይ የሚፈርድ መሰለው፤ ስለዚህም ፍርዱ ቅን ሆነ። የጎንደር ሰው ነገርን በሰምና ወርቅ መናገር ያውቅበታል ይባላል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ይህን ጥበብ በየድግሱ ሰውን ለመውጋት የምናውልበትን ያህል ሰውን ለመመለስ ብናውለው በወደድሁ። ልዩነቱም እንዲህ ይታወቃል፤ ናታን ምሳሌውን የተናገረው ለዳዊት ለራሱ ነው፥ ወርቁንም ራሱ ፈትቶ ነገረው። ዛሬ የሚነገረው ቅኔ ግን ለሚስቁት ሰዎች ይነገራል፤ ለተወጋው ሰው የሚፈታለት የለም።

ስለ ሙሴ ጸሊም የሚነገረውንም ታውቃላችሁ፤ በዓሉ ሰኔ 24 ቀን ነው። አስቀድሞ ወንበዴ የነበረ፥ ኋላም በገዳመ አስቄጥስ የመነኮሰ አባት ነው። አንድ ወንድም በደለና መነኮሳቱ ሊፈርዱበት ተሰብስበው ሙሴን አስጠሩት፤ እርሱ ግን እንቢ አለ። ዳግመኛ ቢልኩበት ቀዳዳ ያለበትን ቅርጫት አሸዋ ሞልቶ በጀርባው አዝሎ መጣ። ይህ ምንድር ነው ቢሉት፥ የራሱ ኀጢአት በኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ እንደ መጣ ነገራቸው። መነኮሳቱም ለዚያ ወንድም ይቅር አሉት። በዚህ ታሪክ ከቅርጫቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ሙሴ እንቢ ብሎ በበአቱ አልቀረም፤ መጣ። ጉባኤውንም አልተሳደበም። የተሰበሰቡትን አባቶች ራሳቸውን በየዋህነት ገሠጻቸው፤ እነርሱም ሳያፍሩ ተቀበሉት።

እስካሁን የተናገርነው ስለ አንድ ሰውና ስለ ወንድሙ ነው። ይህች አገራችን ግን ተግሣጽ ሲጠፋና ቍጣ ሲነግሥ ምን እንደሚሆን በመንግሥት ደረጃም አይታዋለች፤ የጎንደር ከተማ የቆመችው በዚህ ታሪክ ማግሥት ነው። (ከዚህ በታች ስለ ጥንቱ የምጠራው ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

ኢየሱሳውያን ከሚባሉት የሮም መምህራን አንዱ ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ወደ አገራችን ገባ። ይህ ሰው ትምህርቱ ከእኛ ትምህርት የተለየ ነው፤ ጠባዩን ግን መሸሸግ አይገባም። ግእዙንና አማርኛውን ተማረ፤ ከመኳንንቱና ከሊቃውንቱ ጋር በትሕትና ተነጋገረ፤ ያገሩንም ልማድ በአንድ ቀን ልሻር አላለም። በዚህ አኳኋን የዐፄ ሱስንዮስን ልብ ማረከ። ንጉሡ በ1622 የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ተቀበለ፤ ፓኤዝም በዚያው ዓመት ሞተ። ከእርሱ በኋላ በ1625 የደረሰው ጳጳስ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሌላ ሰው ነበር። ሺህ ሦስት መቶ ዓመት ያህል በክርስትና የኖረውን ሕዝብ እንዳልተጠመቀ ቈጥሮ እንደ ገና ይጠመቅ አለ፤ ካህናቱ እንደ ገና ይካኑ፥ አብያተ ክርስቲያናቱ እንደ ገና ይባረኩ፥ በዓላቱና አጽዋማቱ ይለወጡ አለ። ንጉሡም በሰይፍ አጸናለት። ስለዚህ በየአገሩ ሽፍታ ተነሣ፤ ወንድም በወንድሙ ላይ ዘመተ።

በመጨረሻ በሰኔ ወር በ1632 ንጉሡ ከላስታው ከመልክአ ክርስቶስ ሠራዊት ጋር ወይና ደጋ ላይ ተዋግቶ ድል አደረገ። ከላስታ ወገን 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ተጽፏል። በዘመኑ የነበሩ ኢየሱሳውያን ራሳቸው ጽፈው እንዳቆዩት፥ ልጁ ፋሲለደስና መኳንንቱ ንጉሡን ሬሳው ወደ ወደቀበት ሜዳ ወሰዱት። የሞቱት እስላም ወይም አረማዊ እንዳልሆኑ፥ የገዛ ሕዝቡና ክርስቲያኖች እንደ ሆኑ፥ ከእነርሱም ዘመድ እንዳለ፥ እንዲህ ያለውም ድል ራስን መውጋት እንደ ሆነ ነገሩት። ንጉሡ ስንት ጊዜ በጦር ተነግሮት አልሰማም ነበር፤ ይህን ግን ሰማ። በዚያው ወር ሕዝቡ ወደ አባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ዘንድ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለቀቀ። በዚያው ዓመት ሲያርፍ በአዘዞ በገነተ ኢየሱስ ተቀበረ። ፋሲለደስም በ1636 ጎንደርን ቈረቈረ።

ይህን ታሪክ ስናነብ በሜንዴዝ ላይ ብቻ ለመፍረድ አንቸኵል። መኳንንቱ ንጉሡን እንዴት እንደ ገሠጹት ተመልከቱ። በድሉ ማግሥት፥ ሌላው ሁሉ በሚያወድሰው ሰዓት ነው የነገሩት። አልሰደቡትም፤ ያደረገውን ብቻ ወስደው አሳዩት። ልጅ አባቱን፥ ሎሌ ጌታውን ሲገሥጽ ከዚህ የተሻለ መንገድ ያለ አይመስለኝም።

ጎንደር ግን ይህን ትምህርት ፈጥና ረሳችው። መቶ ዓመት ሳይሞላ ስለ ቅባትና ስለ ተዋሕዶ በተነሣው ክርክር የገዛ ልጆቿ ተከፋፈሉ። ከ1716 እስከ 1721 በነገሠው በዐፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን ቤተ መንግሥቱ ከቅባቶች ወገን ቢቆም የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አልተቀበሉም፤ ወታደር ተልኮባቸው በዚህችው ከተማ ብዙዎች ተገደሉ። የትኛው ትምህርት የቀና እንደ ሆነ ሊቃውንቶቻችን አስተምረውናል፤ ዛሬ ያን አልደግምም። ነገር ግን በዚያ ቀን ሬሳ ሲነሣ ከሁለቱ ወገን አንድም ሰው ወደ ሌላው ትምህርት አልተመለሰም።

በዘመናችን ደግሞ መልካም ነገር አይተናል። ቀድሞ የጎንደር ሊቀ ጳጳስ የነበሩት፥ በ1980 ዓ.ም. ፓትርያርክ የሆኑት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ መርቆሬዎስ በስደት ሳሉ ቤተ ክርስቲያናችን በሁለት ሲኖዶስ ተከፍላ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ኖራ ነበር፤ ውግዘትም በመካከል ነበረ። በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. የሁለቱ ወገን አባቶች በዋሽንግተን ተገናኝተው ታረቁ፤ ውግዘቱም ከሁለቱም ወገን ተነሣ። አቡነ መርቆሬዎስም ሐምሌ 25 ቀን ወደ አገራቸው ገቡ፤ በ2014 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው ኖሩ። ጳጳሳት ይህን ካደረጉ፥ ስለ አንድ ጋት ድንበር የተኳረፉ ሁለት ጎረቤቶች ምን ይከለክላቸዋል?

አሁን ወደ ደብራችን እንመለስ፤ ጥቂት ነገር በግልጥ ልናገር፥ አባቶች ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የንስሐ አባት ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። የንስሐ ልጁን ቤት ይባርካል፤ ከማዕዱም ይበላል። በሰው ማዕድ ተቀምጦ ሰውን መገሠጽ ከባድ እንደ ሆነ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ድኻው በየደጀ ሰላሙ በጩኸት ይገሠጻል፤ ለደብሩ ቆርቆሮ ያስገባው ባለጠጋ ግን ሁለት ሚስት ቢያኖር ዝም ይባላል። ሐዋርያው ያዕቆብ በ2ኛው ምዕራፍ ፊት አይቶ ማድላትን ኀጢአት ብሎ ጠርቶታል። ድኻው ይህን አይቶ ከተግሣጹ የሚማረው ሌላ ነገር አይደለም፤ ጥፋት የሚያስነቅፈው ገንዘብ ለሌለው ብቻ እንደ ሆነ ነው።

ደግሞ ስለ አነጋገር። ቅዱስ ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ሽማግሌውን እንደ አባት፥ ወጣቱን እንደ ወንድም፥ አሮጊቷን እንደ እናት አድርጎ እንዲመክር አዞታል። በእኛ ቋንቋ ይህን ለመፈጸም መንገዱ የቀና ነው፤ «አንቱ» የሚል ቃል አለንና። ሰው ሲቈጣ አስቀድሞ የሚጥለው ይህን ቃል ነው። ትላንት «አንቱ» ይለው የነበረውን ሽማግሌ ዛሬ «አንተ» ካለው፥ የቀረው ንግግር ምክር እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ልጆችንም ቢሆን «ልጄ» ብሎ የጀመረ ሰው በስድብ መጨረስ ይከብደዋል።

አዲስ ነገርም መጥቷል። ሰው ሲሳሳት በእጅ ስልክ ምስሉን ቀርጾ ወደ ሩቅ አገር መላክ እንደ ተግሣጽ ተቈጥሯል። ጌታችን ብቻ ለብቻ ያለውን ነገር ያልታወቁ አእላፍ ሰዎች ይፈርዱበታል፤ ሰውየው ንስሐ ቢገባም ምስሉ ንስሐ አይገባም። በዓለ ጥምቀት ላይ የተቀረጸ የአንድ ሰው ስካር በሚመጣው ዓመት ልጁ በትምህርት ቤት ያየዋል።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ስናገር አንድ ስሕተት እንዳይከተል እፈራለሁ፤ ስለዚህ ጠንክሬ እናገራለሁ። የዋህነት ማለት በደልን መሸፋፈን አይደለም። ሚስቱን የሚደበድብ፥ ሕፃንን የሚያጠቃ፥ የደብሩን ገንዘብ የሚሰርቅ ሰው በጓዳ ተመክሮ የሚታለፍ አይደለም። አስቀድሞ ሊጠበቅ የሚገባው የተጎዳው ነው፤ በዳዩን መምከር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ደሟ እየፈሰሰ ወደ ሽማግሌ የሸሸችን ሴት፥ ታገሺ ብሎ በዚያው ሌሊት ወደ ደብዳቢዋ መመለስ እርቅ አይባልም። እንዲህ ያለው ነገር ለሕግ ይነገር፤ ቤተ ክርስቲያንም ከተጎዳው ጋር ትቁም። ጥፋቱ የሕዝብ በሆነ ጊዜ ተግሣጹ በሕዝብ ፊት ሊሆን እንደሚችል ቅዱስ ጳውሎስ አሳይቷል፤ ቅዱስ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላትን ትቶ በራቀ ጊዜ ሌሎችም ስለ ተከተሉት፥ በአንጾኪያ በሁሉ ፊት ተቃወመው፤ በገላትያ መልእክት በ2ኛው ምዕራፍ ይገኛል። ጴጥሮስ ግን በኋላ በጻፈው ሁለተኛ መልእክት ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ጠራው፤ ቤተ ክርስቲያናችንም ሁለቱን ሐምሌ 5 ቀን በአንድነት ታከብራቸዋለች።

ይህ አገር በ2013ና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ዳባት ወረዳ ድረስ ኀዘን ገብቶበታል፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ ሁከት አይቷል። በየቤቱ የሞተበት፥ የተዘረፈ፥ የተሰደደ አለ። ያዘነ ሰው ልቡ ቶሎ ይቈጣል፤ ቶሎም ይሰበራል። ከአሥር ዓመት በፊት ሰምቶ ይስቅ የነበረውን ቃል ዛሬ መሸከም ያቅተዋል። የሚገሥጽም ሰው ይህን አስቦ ይናገር።

የቀረው የማሰሩ ነገር ነው፤ ወጌሻው አጥንቱን ከመለሰ በኋላ የሚያደርገው። በቆሮንቶስ ቤተ ክርስቲያን አንድ ሰው በድሎ በብዙዎች ተገሥጾ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ በሁለተኛው መልእክቱ በ2ኛው ምዕራፍ ተግሣጹ እንደሚበቃው፥ አሁን ግን ከኀዘን ብዛት እንዳይዋጥ ይቅር ብለው ሊያጽናኑትና ፍቅራቸውን ሊያጸኑለት እንደሚገባ ጻፈላቸው። የዲድስቅልያ መጽሐፍም ኤጲስ ቆጶሱ ለተመለሰው ኀጢአተኛ እንደ መልካም ሐኪም እንዲሆን ያዝዛል። በእኛ አገር የሚጎድለው ይህ ነው። ሰው ተገሥጾ፥ ቀኖናውን ፈጽሞ፥ ተመልሶ ይመጣል፤ ነገር ግን በደጀ ሰላሙ ሰላም የሚለው ያጣል፤ በማኅበሩም ጽዋው ሲዞር ዐይን ሁሉ በእርሱ ላይ ይሆናል። እርሱም ይቅርታ የተሰጠው በቃል ብቻ እንደ ሆነ ያውቃል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያችንና ለማኅበራቱ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በዚህ በኢዮቤልዩ ዓመት እያንዳንዱ ማኅበር ከቀሩት ሰዎች የሁለቱን ወይም የሦስቱን ስም በልቡ ይያዝ፤ በወረቀት ጽፎ አይለጥፍ። ለእያንዳንዱ ሰው ከዚህ በፊት ያልገሠጸው፥ ድምፁም የማይከብደው አንድ ሰው ይላክለት። የሚሄደው ሰው ስለ ጥፋቱ አያንሣ፤ ጤናውን፥ ልጆቹን፥ ከብቱን ይጠይቅ። በሁለተኛው ጊዜ ቡና ይጠጣ። ሰውየው ራሱ ነገሩን ያነሣ እንደ ሆነ ይስማው፤ ያላነሣው እንደ ሆነ በሦስተኛው ጊዜ የሚቀጥለው ጽዋ በማን ቤት እንደ ሆነ ብቻ ነግሮት ይመለስ። በዚያም ቀን ሲመጣ ከበሩ ላይ የሚቀበለው፥ ከመካከልም ቦታ የሚለቅለት ሰው አስቀድሞ ይታዘዝ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።